ሰማያዊው ሰዓት ምንድን ነው?

የኮሪደር ልማቱ አዌቱ ወንዝ ዳር ከደረሰ ወዲህ ጅማ ውስጥ ማታ ማታ ስልኩን አውጥቶ ፎቶ የማያነሣ ሰው የለም። ፎቶው ግን ብዙ ጊዜ ያሳዝናል። ሰማዩ ድፍን ጥቁር፣ መብራቱ የፈነዳ ነጭ፣ ሕንፃው ደግሞ ጭራሽ የለም። ችግሩ ስልኩ ጋ አይደለም፤ ሰዓቱ ጋ ነው።

ዳኑብ ዳር ያለውን የቡዳፔስት ፓርላማ በምሽት ፎቶ አይታችሁት ከሆነ ሰማዩን ልብ በሉ፤ አብዛኞቹ ላይ ጥልቅ ሰማያዊ ነው። ይሄ ነው ሰማያዊው ሰዓት፦ ፀሐይ ጠልቃ ከአድማስ በታች ከ4 እስከ 8 ዲግሪ ገደማ የምትሆንበት ጊዜ። ንጋት ላይም አለ። በዚያን ሰዓት የፀሐይ ብርሃን በአየር ውስጥ ረጅም ርቀት አቋርጦ ስለሚመጣ፣ ላይ ያለው ኦዞን የሚባለው ጋዝ ብርቱካናማውንና ቀዩን ይውጠዋል፣ ሰማያዊው ይተርፋል።

ዋናው ነገር ግን ሰማዩና የመንገድ መብራቱ በድምቀት የሚቀራረቡት ያኔ ብቻ መሆኑ ነው። ካሜራ እንደ ዓይናችን አይደለም፤ በጣም የጨለመና በጣም የበራ ነገር አንድ ላይ መያዝ አይችልም። ጅሬን ወጥታችሁ የአባ ጅፋርን ቤተ መንግሥት እዩት፤ የእንጨት ሰገነቱ ጠቆር ያለ ነው፣ እንደ መስታወት ሕንፃ ከውስጥ አያበራም፣ ስለዚህ ቅርጹን የሚያወጣለት ያ የተረፈ የሰማይ ብርሃን ነው። ሙሉ በሙሉ ሲጨልም ያ ሁሉ የእጅ ሥራ ይጠፋል፣ እኔን ደግሞ በጣም የሚቆጨኝ እሱ ነው።

ውሃ ካለ ነገሩ እጥፍ ይሆናል። አዌቱ ሰማያዊውንም ቢጫውንም ይቀበላል። እያንዳንዷ ትንሽ ሞገድ እንደ ዘመም ያለ መስታወት ስለምትሆን የአንዱ አምፖል ብርሃን ወደ እናንተ የተዘረጋ ረጅም መስመር ሆኖ ይታያል።

እኛ ጋ ግን ሰማያዊው ሰዓት 20 ደቂቃ አይሞላም። ጅማ ከምድር ወገብ 8 ዲግሪ እንኳ ስለማትርቅ ፀሐይ ቀጥ ብላ ነው የምትወርደው። ቡዳፔስት ላይ አግድም ስለምትወርድ በሰኔ ከግማሽ ሰዓት ያልፋል። ዝናቡ ጋብ በሚልበት በኅዳርና በታኅሣሥ፣ ፀሐይ 12 ሰዓት ከሩብ አካባቢ ስለምትጠልቅ፣ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ቦታችሁን ያዙ። ስልኩን ድልድዩ መደገፊያ ላይ አስደግፉት፣ የሌሊት ሞዱን ክፈቱ፣ ስትነኩት እንዳይነቃነቅ ደግሞ በ3 ሰከንድ ቆጣሪ አንሡ።