«አስቀድማችሁ የፖለቲካውን መንግሥት ፈልጉ»፦ የንክሩማ አባባል ከየት መጣ? ምን ማለትስ ነው?

«አስቀድማችሁ የፖለቲካውን መንግሥት ፈልጉ፤ ሌላው ሁሉ ይጨመርላችኋል።» አባባሉ ጋናን ለነፃነት ያበቃው መሪ የክዋሜ ንክሩማ ነው። የቤተ ክርስቲያን ደጃፍ የረገጠ ሰው ምንጩን አያጣውም፦ ማቴዎስ ምዕራፍ 6 ቁጥር 33፣ «የእግዚአብሔርን መንግሥት» የሚለው ወጥቶ «የፖለቲካውን» ገብቶበት። ንክሩማ አሜሪካ ሳለ ነገረ መለኮት ተምሮ በጥቁሮች አብያተ ክርስቲያናት ይሰብክ ስለነበር ጥቅስ አዙሮ ሕዝብ ጆሮ ማድረስ ያውቅበታል። ድፍረት ነው ብለው ቅር የተሰኙ ክርስቲያኖችም ነበሩ።

ነገሩ የተነገረው ዛሬ ጋና በምትባለው የእንግሊዝ ቅኝ ግዛት፣ በጎልድ ኮስት ነው (ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው)። በ1940ዎቹ መጨረሻ ዋናው ክርክር ነፃነቱ መቼ ይምጣ የሚል ነበር። እንግሊዞቹ መጀመሪያ ተማሩ፣ ኢኮኖሚያችሁን አጠንክሩ፣ ሥልጣኑ ቀስ እያለ ይደርሳል ባዮች ናቸው። የአገሬው ጠበቆችና ነጋዴዎች ደግሞ «በተቻለ ፍጥነት» ይሉ ነበር። ንክሩማ በ1949 ከእነሱ ተለይቶ የራሱን ፓርቲ ሲያቋቁም መፈክሩን «አሁኑኑ» አደረገው።

ፖለቲካው ለምን ይቅደም? ካካዎውን ማየት ይበቃል። የአገሪቱ ዋና ሀብት የቸኮሌት መሥሪያው ፍሬ፣ ካካዎ ነበር፤ የሚሸጠው ግን በመንግሥት የግብይት ቦርድ በኩል ነበር። ቦርዱ ለገበሬው ከዓለም ገበያ ያነሰ ዋጋ ይከፍልና ትርፉ በፓውንድ ተመንዝሮ ለንደን ይቀመጣል። በዚያ ላይ ዛፉን አሳብጦ የሚያደርቅ የቫይረስ በሽታ ገባ። መፍትሔው የታመመውን ቆርጦ መጣል ነበርና መንግሥት ቆራጮች ላከ። በሳይንሱ ልክ ነበሩ። ቢሆንም ገና ፍሬ የሚሰጥ ዛፉ ዓይኑ እያየ ሲገነደስበት፣ ገበሬው ይህን መጥረቢያ ማን ላከብኝ ማለቱ የት ይቀራል? ዋጋውም፣ ገንዘቡም፣ መጥረቢያውም በሌላ እጅ ላለበት ሰው «መጀመሪያ ኢኮኖሚ» ቢሉት ፌዝ ነው። የአባባሉ ፍሬ ነገርም ይኸው ነው።

ፌብሩዋሪ 28 ቀን 1948 ለእንግሊዝ ሲዋጉ የኖሩ የቀድሞ ወታደሮች አክራ ውስጥ አቤቱታ ይዘው ወደ ገዢው ግንብ ሲያመሩ ፖሊስ ተኩሶ ሦስቱን ገደለ። ከተማዋ ታመሰች፤ «ቀስ በሉ» የሚለውንም ምክር የሚሰማ ጠፋ። በ1951 ንክሩማ እስር ቤት ሆኖ ምርጫ አሸነፈ። ማርች 6 ቀን 1957 ጋና ነፃ ወጣች፤ አባባሉም ፓርላማው ደጃፍ በቆመው ሐውልቱ ላይ ተቀረጸ። ሐውልቱ ንክሩማ ከሥልጣን በወረደበት በ1966ቱ መፈንቅለ መንግሥት ጊዜ ተገንድሷል።

«ይጨመርላችኋል» የሚለው ተስፋ ግን፣ በእኔ ሚዛን፣ እንደ አባባሉ መጀመሪያ ክፍል አልያዘም። ባንዲራው ቢለወጥም የካካዎ ዋጋ የሚቆረጠው ያው ውጭ ነው፤ በ1960ዎቹ አጋማሽ ዋጋው ሲያሽቆለቁል አገሪቱ ዕዳ ውስጥ ገባች። ይባስ ብሎ ቦርዱን የወረሰው የንክሩማ መንግሥት ራሱ ከገበሬው ላይ መቀነሱን አልተወም። ሰውየውም ቢሆን በአባባሉ ላይ ቆሞ አልቀረም። ሜይ 1963 አዲስ አበባ ላይ ለተሰበሰቡት የአፍሪካ መሪዎች ነፃነት የሌላ ትግል መግቢያ ብቻ መሆኑን ነግሮ፣ አንዲት አገር ብቻዋን ከውጭ የኢኮኖሚ ቁጥጥር ስለማትላቀቅ አኅጉራዊ መንግሥት ይቋቋም ሲል ተከራከረ። አብዛኞቹ ግን ገና እጃቸው የገባውን ሥልጣን የማካፈል ፍላጎት አልነበራቸውም።