የማኅበራዊ ሚዲያ ግብይት በባሕር ዳር

የማኅበራዊ ሚዲያ ግብይት አንድ ንግድ ቤት ዕቃውንና አገልግሎቱን በፌስቡክ፣ በቴሌግራም፣ በቲክቶክና በመሳሰሉት የሚያስተዋውቅበትና ትዕዛዝ የሚቀበልበት ሥራ ነው። በባሕር ዳር አሳ ቤቶች፣ ሆቴሎች፣ የጀልባ ባለቤቶችና የዘጌ ቡና ሻጮች ይጠቀሙበታል።

ከሁሉ በፊት የሚለየው ገዢው ያለበት ቦታ ነው። የአሳ ቤት ደንበኛ እዚሁ ከተማ ውስጥ ነው፤ ዛሬ አይቶ ዛሬ ይገዛል። የሆቴልና የጀልባ ደንበኛ ግን ብዙ ጊዜ የሚወስነው አዲስ አበባ ወይም ውጭ አገር ሳለ ነው። አሳ ቤት የቴሌግራም ቻናል ይበቃዋል፤ ጽሑፍና ፎቶ ብዙ ዳታ አይበላም፣ ሰው ለወዳጁ ፎርዋርድ ሲያደርገውም የቻናሉ ስም አብሮ ይሄዳል። ሆቴል ፌስቡክ ገጽ፣ በስልክ ቁመት የተቀረጸ የቲክቶክ ቪዲዮ፣ ከዚያም በላይ በጉግል ካርታ ላይ ትክክለኛ ምልክት ያስፈልገዋል። ሁሉንም በአንዴ ጀምሮ ሁሉንም ከመተው አንዱን በደንብ መያዝ ይሻላል።

በብዛት የሚታየው ስህተት «ዋጋ በውስጥ መስመር» የሚለው ነው። ሻጩ ዋጋውን ተፎካካሪ እንዳያይበት ይደብቃል፤ ገዢው ግን ጽፎ መልስ ከመጠበቅ ዋጋ የጻፈውን ሌላ ሻጭ ይመርጣል። የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ነጋዴ ዋጋውን በንግድ ቤቱ በግልጽ እንዲያሳይ ያዛል፤ ሱቅ ውስጥ የተለጠፈን ዋጋ ገጽ ላይ መደበቅ ትርጉም የለውም። የአሳ ቤት ማስታወቂያ ዓይነቱን (ቆሮሶ ወይስ አምባዛ)፣ ፊሌቶ ይሁን ሙሉ፣ የኪሎውን ዋጋ፣ መቼ እንደገባ፣ ሰፈሩን ከታወቀ ምልክት ጋር፣ ስልኩንና እስከ ስንት ሰዓት እንደሚሸጥ በአምስት አጭር መስመር ይዞ ይወጣል። ሲያልቅም «አልቋል» ተብሎ ይታረማል። ይህን የማያደርግ ሰው ሲደወልለት የሚውለው «የለም» ለማለት ነው።

ጀልባ ላይ ጣጣው ይበዛል። ዋጋው በሰው ነው በጀልባ? የጣና ገዳማት መግቢያና የአስጎብኚ ክፍያ ተጨምሯል? ካልተጻፈ ጠቡ ወደብ ላይ ይነሳል። ዑራ ኪዳነ ምሕረት ሴቶች ይገባሉ፤ ክብራን ገብርኤል ግን ለሴቶች ክልክል ነው። ይህን ያልጻፈ አስጎብኚ ባልና ሚስትን ይዞ ሄዶ ሚስትየዋን ጀልባ ላይ ያስቀምጣታል። «ጠዋት 2 ሰዓት» የሚለውም በእንግሊዝኛው ማስታወቂያ 8 ተብሎ ካልተቀየረ የውጭ እንግዳው ከሰዓት በኋላ ይመጣል።

ፎቶውም ከወቅቱ ጋር መሄድ አለበት። ከባሕር ዳር 30 ኪሎ ሜትር ያህል የሚርቀው ጢስ ዓባይ ሞልቶ የሚታየው በክረምትና እስከ ጥቅምት ገደማ ነው፤ በበጋ ውኃው ይቀንሳል፣ ለኃይል ማመንጫም ይወሰዳል። የነሐሴን ፎቶ ሚያዝያ ላይ ለጥፎ መኪና ማከራየት ለዚያ ቀን ገበያ ያስገኝ ይሆናል፤ ወዲያው ግን ከፎቶው ሥር «ውሸት ነው» የሚል አስተያየት ይደረደራል። የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004ም አሳሳች ማስታወቂያን ይከለክላል። አስተያየቱን ማጥፋት ነገሩን ያባብሳል፤ የፎቶውን ወር ጽፎ ማረም ይበጃል።

የፌስቡክ ማስታወቂያ ክፍያ በውጭ ምንዛሪ በሚሠራ ካርድ ስለሚፈጸም ብዙ ነጋዴ ብር ተቀብሎ ቡስት የሚያደርግለት (ከፍሎ ልጥፉን ለብዙ ሰው የሚያሳይለት) ሰው ይፈልጋል። ለዚህ ሰው የሚሰጠው በገጹ ላይ ማስታወቂያ የማውጣት ፈቃድ ብቻ ነው፤ የይለፍ ቃል በጭራሽ አይሰጥም። ማስታወቂያው የሚታይበት አካባቢም በልክ ይመረጣል፦ አሳ ቤቱ ባሕር ዳርን፣ ሆቴሉ አዲስ አበባን። አሳ ቤቱ «መላው ኢትዮጵያ» ብሎ ሲተወው ላይክ ይጎርፋል፣ ገዢ ግን አይመጣም።

ገጹ የሚከፈተውም በባለቤቱ አካውንት ነው፤ ሁለተኛ አስተዳዳሪ ይጨመራል፣ ባለ ሁለት ደረጃ ማረጋገጫም (ከይለፍ ቃሉ ሌላ ኮድ የሚጠይቀው) ይበራል። ሠራተኛ በራሱ ስም የከፈተው ገጽ ሠራተኛው ሲለቅ አብሮት ይሄዳል፤ የተሰበሰበውም ደንበኛ እንዲሁ። ሌላው አደጋ የቻናሉን ስምና ፎቶ አስመስሎ ቀብድ የሚሰበስብ አጭበርባሪ ነው። ስለዚህ የክፍያ ሒሳቡና ስሙ በቻናሉ አናት ላይ ፒን ይደረጋል። ከደንበኛ የሚላክ የቴሌብር ወይም የባንክ ስክሪንሾትም በቀላሉ ስለሚቀነባበር ገንዘቡ ሒሳብ ውስጥ መግባቱ ሳይታይ ዕቃ አይወጣም።

ውጤት የሚለካው በላይክ አይደለም። ለሚመጣው ሁሉ «የት አይተው ነው?» ብሎ ደብተር ላይ ምልክት ማድረግ ይበቃል። አንድ ማስታወቂያ 2,000 ብር ወጥቶበት 8 ሰው ካመጣ፣ አንዱ ደንበኛ 250 ብር ፈጅቷል፤ ትርፉ ከዚያ ካነሰ ማስታወቂያው ይቆማል።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ሲቋረጥ ገጽ ብቻ የነበረው ነጋዴ ደንበኛውን የሚያገኝበት መንገድ አጣ። ቋሚ ደንበኞችን በፈቃዳቸው በስምና በስልክ መዝግቦ መያዝ፣ መስመር ሲጠፋም በአጭር መልእክት ማሳወቅ ከዚያ ወዲህ የሥራው አካል ሆኖ መቆጠር አለበት።