ቀና ብለን የማናያት አዲስ አበባ፦ ስለ መሀል ከተማዋ ሕንፃዎች የምንሳሳታቸው ነገሮች

"አዲስ አበባ ደግሞ ምን የሚታይ ነገር አላት?" ይህን የሚሉኝ ብዙ ጊዜ እዚሁ ተወልደው ያደጉ ሰዎች ናቸው። ከለገሃር ፒያሳ በየቀኑ ይመላለሳሉ፤ ዓይናቸው ግን ስልካቸው ላይ ነው። እኔ መሀል ከተማውን እወደዋለሁ። ስለ ሕንፃዎቹ በስህተት ሲወራ ዝም ማለት ይከብደኛል። ደጋግሜ የምሰማቸውን እዚህ ላንሳ። ዓመቶቹ በሙሉ በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

"መኪና ከሌለህ፣ ቢያንስ ራይድ ካልጠራህ አይሆንም"

እንዲያውም በመኪና ነው የማይታየው። መሪ የጨበጠ ሰው ፎቅ ቀና ብሎ ማየት አይችልም። በመስከረም 2008 ሥራ የጀመረው ቀላል ባቡር ግን ለዚህ የተመቸ ነው። ከስታዲየም እስከ ልደታ ሁለቱ መስመሮች አንድ ሐዲድ ይጋራሉ፤ ሐዲዱም እዚያ ጋ በድልድይ ላይ ከፍ ብሎ ይሄዳል። ከአያት የሚመጣውም ከቃሊቲ የሚመጣውም ያልፍበታል። ከሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ውጪ ተሳፈሩ፤ ሰው ሲጠቀጠቅ መስኮቱ አይገኝም።

ከስታዲየም ወደ ሜክሲኮ ስትሄዱ ለገሃር ላይ ግራና ቀኙን እዩ። በግራ አሮጌው የባቡር ጣቢያ አለ። በቀኝ ቸርችል ጎዳና ቀጥ ብሎ ሽቅብ ወደ ፒያሳ ይወጣል፤ ወደዚያው በኩል የንግድ ባንክ አዲሱ ሕንፃ 209 ሜትር ቆሟል። ጣቢያው የ1922፣ ባንኩ የ2014። ዘጠና ዓመት አንገት በማዞር ብቻ ይታያል።

እዚያው ለገሃር ወርዳችሁ የፒያሳ ታክሲ ያዙ። ከመግባታችሁ በፊት ረዳቱን "በቸርችል ነው?" በሉት። ከተቻለ ጋቢና ተቀመጡ። ከኋላ ወንበር የሚታየው የሰው ጀርባ ነው። ብሔራዊ፣ ፖስታ ቤት፣ ጥቁር አንበሳ፣ ቴዎድሮስ አደባባይ፤ ደስ ያላችሁ ቦታ "ወራጅ አለ!" ማለት ነው።

"ድሬዳዋ መሄጃው ለገሃር ነው"

ድሮ ነበር። ሐዲዱ ከጅቡቲ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ከፈረንሳይኛው "ላ ጋር" የመጣ ነው፤ ጣቢያው ማለት ነው። የዛሬው የኤሌክትሪክ ባቡር ግን ከፉሪ ለቡ ነው የሚነሳው። ሻንጣ ይዞ ለገሃር የሚመጣ ሰው እስከ ዛሬ አይጠፋም።

"ከሮም የተመለሰው አንበሳ ብሔራዊ ቴአትር ፊት ለፊት ያለው ነው"

ይህኛው በጣም ያሳስበኛል፤ ምክንያቱም የአንዱን አንበሳ ታሪክ ለሌላው ሰጥተን እውነተኛውን ባለታሪክ እናስረሳለን።

አንበሶቹ ሁለት ናቸው። ለገሃር ጣቢያው ፊት ያለው የነሐስ ነው፤ በወርቅ የተለበጠ፣ ዘውድ የደፋ። የቆመው በ1923፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዘውድ በዓል ዋዜማ ነው። ጣሊያን በወረራው ዘመን ነቅሎ ወደ ሮም የወሰደው እሱን ነው። የዘርዓይ ደረስ ታሪክ የሚነሳውም ከዚሁ አንበሳ ጋር ነው። ከነጻነት በኋላም ወዲያው አልመጣም፤ ብዙ ዓመት ቆይቶ ነው ወደ ቦታው የተመለሰው።

የብሔራዊ ቴአትሩ ደግሞ የድንጋይ ነው። ፈረንሳዊው ቀራጺ ሞሪስ ካልካ ለንጉሠ ነገሥቱ የዘውድ 25ኛ ዓመት፣ በ1948 የሠራው ነው። የትም አልሄደም። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ደስ ይላል፤ በእግር የጥቂት ደቂቃ መንገድ ነው። የለገሃሩ አንበሳ እንደ ሕይወት ያለው እንስሳ ተሠርቷል። የካልካው መስመሩ ቀጥ ቀጥ ያለ፣ ከሩቅ ራሱ ሕንፃ የሚመስል ነው። በመሀላቸው 25 ዓመት አለ፤ በዚያ ጊዜ የከተማዋ የውበት ዓይን ምን ያህል እንደተለወጠ ድንጋዩ ላይ ይነበባል።

እግረ መንገድ፦ ቴአትር ቤቱም "የጣሊያን ነው" ይባላል። ግማሽ እውነት አለው። ጣሊያኖች ሲኒማ ማርኮኒ ብለው ጀመሩት እንጂ አልጨረሱትም። በ1948 ጨርሶ ለኢዮቤልዩው ያደረሰው አንሪ ሾሜት የተባለ ፈረንሳዊ አርክቴክት ነው። አጠገቡ ያለውን ክቡን የንግድ ባንክ ሕንፃ የነደፈውም እሱ ነው። አዲሱ ሰማይ ጠቀስ ሕንፃ ከመጣ ወዲህ ክቡን የሚያየው ሰው ቀንሷል። ለእኔ ግን አሁንም ከሁሉም ያምራል።

"ፒያሳን የሠራት ጣሊያን ነው"

ስሙ ጣሊያንኛ ነው፤ አደባባይ ማለት ነው። ሰፈሩ ግን ከዚያ በፊት አራዳ ነበር። "የአራዳ ልጅ" የምንለው ከየት መጣና? በጊዮርጊስ ዙሪያ ትልቁ ገበያ ይቆም የነበረው ከጣሊያን በፊት ነው። በ1928 ወራሪው ሲገባ ከተማዋ ሃምሳ ዓመት ሊሞላት ምንም አልቀራትም ነበር። የጣይቱ ሆቴል፣ የመጀመሪያው ሆቴላችን፣ ያኔ ሥራ ከጀመረ ወደ ሠላሳ ዓመት ገደማ ሆኖታል። በረንዳ ያላቸውን አሮጌ የፒያሳ ቤቶች ብዙዎቹን አርመኖች፣ ሕንዶችና ግሪኮች ከአገራችን ባለሙያዎች ጋር ናቸው የሠሯቸው። ያን ሁሉ እጅ "ጣሊያን" ብሎ መጠቅለል ልክ አይደለም።

ጊዮርጊስ ካቴድራልንም ጠጋ ብላችሁ እዩት። "ክብ ቤተ ክርስቲያን" ይባላል፤ ግን ማዕዘኖቹን ቁጠሩ፣ ስምንት ናቸው። ከአድዋ ድል በኋላ ነው የተሠራው። ጣሊያን ተመልሶ ሲመጣ በ1929 አቃጠለው።

የጣሊያን አሻራ ያለበት ሰፈር ካስፈለገ ካዛንቺስ ነበር፤ በ2017 ግን ብዙው ፈርሷል። ስሙ ራሱ ጣሊያን ለመንግሥት ሠራተኞቹ ቤት ከሚሠራለት ድርጅት ስም የመጣ ነው።

"የ1950ዎቹ ኮንክሪት ደግሞ ቅርስ ይባላል?"

ይባላል እንጂ። ታክሲያችሁ ቸርችልን ሲወጣ ከላይ ሰዓቱን ይዞ የሚጠብቃችሁ ማዘጋጃ ቤት የአርቱሮ ሜዜዲሚ ሥራ ነው። እሱው የነደፈው አፍሪካ አዳራሽ በ1953 ተመረቀ። ግንቦት 17 ቀን 1955 የአፍሪካ አንድነት ድርጅት የተመሠረተው እዚያ ውስጥ ነው። የአፈወርቅ ተክሌ ባለቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ይሆናል። አዳራሹ የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ውስጥ ስለሆነ ዝም ብሎ አይገባም፤ አስቀድሞ ማስፈቀድና መታወቂያ መያዝ ያስፈልጋል።

"ረጃጅሞቹ ሁሉ የቻይና ናቸው" የሚባለውም ማስተካከያ ይፈልጋል። የንግድ ባንክን ሕንፃ የቻይና ኩባንያ ገነባው፤ የነደፈው ግን ሄን የተባለ የጀርመን ድርጅት ነው። የአፍሪካ ኅብረት ዋና ጽሕፈት ቤት ግን በእርግጥም ከቻይና የተሰጠ ነው። ቁመቱ 99.9 ሜትር የሆነውም ያለ ምክንያት አይደለም። ኅብረቱን የመመሥረት ውሳኔ የተላለፈበትን ቀን፣ በፈረንጆቹ 9/9/99ን ያስታውሳል። ከሜክሲኮ ሳር ቤት የሚሄድ ታክሲ ይዛችሁ ማየት ትችላላችሁ።

"ፒያሳ ፈርሳለች፣ ምን ሊታይ?"

በ2016 ብዙ ነገር መፍረሱ እውነት ነው። የማውቃቸው በረንዳዎች የሉም፤ ይህን ስጽፍም ይከፋኛል። ግን ሁሉም አልሄደም። ጊዮርጊስ አለ። የምኒልክ ሐውልት አለ፤ ከአጠገቡ በዚያው ዓመት የተከፈተው የአድዋ ድል መታሰቢያ አለ። ጣይቱ ሆቴል በጥር 2007 እሳት ጎድቶት ነበር፤ እሱም ቆሟል። አስር ሰዓት አካባቢ ሂዱ፣ ቡና እዘዙ። ከዚያ የእንጨት ወለሉ ላይ ቀስ ብላችሁ ተራመዱ፤ ሲንቋቋ ይሰማል። ደግሞ ብዙ አትቆዩ። አስራ አንድ ሰዓት ካለፈ የለገሃር ታክሲ ሰልፉ ረጅም ነው፤ ጋቢናም አይገኝም።