ጣውላው ላይ ያለችው የዛፍ ምልክት

አውሮፓ ወይም አሜሪካ ውስጥ ጣውላ የገዛ ሰው ማሸጊያው ላይ አንዲት ትንሽ የዛፍ ምልክት ሳያይ አይቀርም። የኤፍ ኤስ ሲ፣ ማለትም የደን አያያዝን የሚያረጋግጥ ዓለም አቀፍ ድርጅት፣ መለያ ናት። እንጨቱ ደን ተጨፍጭፎ የመጣ እንዳልሆነ ለገዢው ለመንገር የተለጠፈች ናት።

ነገሩ የተጀመረው መንግሥታት መስማማት ሲያቅታቸው ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. የተባበሩት መንግሥታት የሪዮ የአካባቢ ጉባኤ ደንን የሚመለከት አስገዳጅ ውል ሳይወጣለት ቀረ። በቀጣዩ ዓመት የአካባቢ ተቆርቋሪዎች፣ የእንጨት ነጋዴዎችና የነባር ሕዝቦች ተወካዮች ቶሮንቶ ላይ ተሰብስበው ኤፍ ኤስ ሲን መሠረቱ። የማኅበራዊ፣ የአካባቢና የኢኮኖሚ ወገኖች እኩል ድምፅ ስላላቸው ኩባንያዎቹ ብቻቸውን ደንብ ማውጣት አይችሉም። በ1999 ደግሞ ተፎካካሪው ፒ ኢ ኤፍ ሲ አውሮፓ ውስጥ ተቋቋመ። በደን ስፋት ከታየ ዛሬ ሰፊው እሱ ነው።

ዋናው ሥራ ያለው ግን ደኑ ውስጥ ብቻ አይደለም፤ ወረቀቱም ላይ ነው። ግንዱ ከጫካ ወደ መሰንጠቂያ፣ ከዚያ ወደ ጅምላ ሻጭ፣ ከዚያ ወደ ዕቃ ፋብሪካ ይሄዳል። እንጨቱ የእጁ የሆነ ድርጅት ሁሉ የራሱ ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። በየዓመቱም ኦዲተር ይመጣበታል። ደረሰኙ ላይ የሻጩ የምስክር ወረቀት ቁጥርና እንጨቱ የሚሸጥበት የመለያ ዓይነት ካልተጻፈ ሰንሰለቱ እዚያው ተበጠሰ። ግንዱ የቱንም ያህል ከጥሩ ደን ቢመጣ ከዚያ ወዲያ መለያውን መለጠፍ አይቻልም።

መለያው ሦስት ዓይነት ነው፦ መቶ በመቶ፣ ቅልቅልና ዳግም ጥቅም ላይ የዋለ። ብዙ ሰው የሚሸወደው ቅልቅሉ ላይ ነው። በአንደኛው አሠራር ፋብሪካው የገዛውን የተረጋገጠ እንጨት መጠን እንደ ሒሳብ ይመዘግባል፤ በዚያው ልክ ምርቱን በመለያው ይሸጣል። እጅዎ የገባው ጣውላ ራሱ ከተረጋገጠ ደን ላይመጣ ይችላል ማለት ነው። ያልተረጋገጠው ድርሻም ቢሆን በሕገወጥ መንገድ የተቆረጠ መሆን የለበትም።

ሌላም ቅሬታ አለ። ለኦዲተሩ የሚከፍለው ራሱ ተመርማሪው ነው። ከኤፍ ኤስ ሲ መሥራቾች አንዱ የነበረው የአካባቢ ተቆርቋሪ ድርጅት ግሪንፒስ በ2018 አባልነቱን ትቶ ወጥቷል። ለእኔ መለያው ከምንም ይሻላል፤ መቶ በመቶ የሚለውን ግን የበለጠ አምነዋለሁ።

የአውሮፓ ኅብረት በ2023 ያወጣው የደን ጭፍጨፋ ደንብ ነገሩን ከፈቃደኝነት ወደ ግዴታ የሚወስድ ነው፤ ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን ግን ተራዝሟል። እንጨቱ ከ2020 መጨረሻ ወዲህ ከተጨፈጨፈ መሬት መምጣት የለበትም። ምስክር ወረቀት መያዝ ብቻውን አስመጪውን ነፃ አያደርገውም፤ እንጨቱ የተቆረጠበት ቦታ ካርታ ላይ የት እንደሆነ የሚያሳየው መጋጠሚያ ነጥብም ይጠየቃል። ደንቡ ቡናንም ስለሚጨምር እኛንም ይነካል። የጅማም ሆነ የሲዳማ ገበሬ ቡናው አውሮፓ እንዲገባ ማሳው ካርታ ላይ መታየት አለበት፤ ማሳው ከአራት ሄክታር ካለፈ ደግሞ ዙሪያው በሙሉ ይለካል።