የጸደቀ በጀት ምንድን ነው?

የክልሉ ምክር ቤት ባሕር ዳር ተሰብስቦ ዓመታዊ በጀት ባጸደቀ ቁጥር እንዲህ የሚል አስተያየት ሰጪ አይጠፋም፦ «ለፍርድ ቤቶችና ለማረሚያ ቤቶች ይህን ያህል ሚሊዮን ተሰጥቷቸው እስረኛው ለምን በአግባቡ አይመገብም? ችሎቱስ ለምን በቀጠሮ ላይ ቀጠሮ ይደራርባል? ተበልቷል ማለት ነው።» ተበልቶም ሊሆን ይችላል፤ እሱን ኦዲተር ይየው። ነገር ግን በዚያ ቀን ለማንም የተሰጠ ገንዘብ የለም።

የጸደቀው ፈቃድ ነው። አንድ መሥሪያ ቤት ከሐምሌ 1 እስከ ሰኔ 30 ባለው ጊዜ፣ በተለዩ የሂሳብ መደቦች (የየራሳቸው ቁጥር ባላቸው የወጪ ዓይነቶች)፣ እስከተወሰነ ጣሪያ ድረስ ወጪ ማድረግ እንደሚችል ምክር ቤቱ ይፈቅዳል። ጣና ላይ የማስገሪያ ፈቃድ ወረቀት የያዘ ሰው አለ እንበል። ወረቀቱን ስለያዘ ቤቱ ዓሣ አለ አይባልም። ቆሮሶ ተብሎ ከተጻፈለት አምባዛ ማውጣት አይችልም፤ የሂሳብ መደብ ይኸው ነው። ቀኑ ካለፈበት ሐይቁ በዓሣ ቢሞላም መረቡን አይጥልም፤ ሰኔ 30 ይኸው ነው። ሐይቁ ውስጥ ዓሣ ከጠፋ ደግሞ ፈቃዱ ወረቀት ሆኖ ይቀራል፤ በእኛ ነገር ዓሣው ክልሉ የሚሰበስበው ገቢና ከፌደራል መንግሥት የሚመጣው ድጎማ ነው። የማረሚያ ቤቱ አስጋሪ ላይ ሌላም ችግር አለበት። ማታ ስንት እንግዳ እንደሚያበላ የሚወስኑለት ሌሎች ናቸው፦ ፖሊስ፣ ዐቃቤ ሕግና ዳኛ። ደጁን ዘግቶ «ሞልቷል» ማለት አይችልም።

መደቦቹን ልብ የሚል ጥቂት ነው። የደመወዝና የአበል ወጪ በ6100፣ ዕቃና አገልግሎት በ6200፣ ቋሚ ንብረትና ግንባታ በ6300፣ ሌሎች ክፍያዎች በ6400 ይያዛሉ። በ6200 ሥር ምግብ 6216፣ ነዳጅ 6217፣ ውሎ አበል 6231፣ የትራንስፖርት ክፍያ 6232 ነው። አንድ ተዘዋዋሪ ችሎት ወደ ደቅ ደሴት ተሻግሮ ላስችል ቢል የዳኛውና የጸሐፊው ውሎ አበል ከ6231፣ የጀልባው ዋጋ ከ6232 ይወጣል። 6232 ባዶ ከሆነ፣ 6217 ላይ የተረፈው የነዳጅ ገንዘብ የጀልባ ባለቤት አይከፍልም፤ መጀመሪያ በደብዳቤ ተጠይቆ የበጀት ዝውውር መፈቀድ አለበት። ደብዳቤው እስኪመለስ የቀጠሮው ቀን ያልፋል።

ወደ 6216 ልመለስ፤ ነገሩ የሚበላሸው በብዛት እዚያ ነው። የእስረኛ ምግብ የሚሰላው የታራሚውን ቁጥር በቀን ተመንና በ365 በማባዛት ነው። ለስሌት እንዲመች 1,000 ታራሚ፣ በቀን 50 ብር እንውሰድ፤ 18,250,000 ብር ይመጣል። ዓመቱ ሲጀምር ግን 1,200 ሰው ገባ። አሁን በየቀኑ የሚወጣው 60,000 ብር ስለሆነ ፈቃዱ በ304ኛው ቀን፣ ሚያዝያ 29 ላይ ያልቃል። ግንቦትና ሰኔ ባዶ ናቸው። ማንም አልሰረቀም፤ የጤፍ ዋጋም ባለበት እንደቆመ ቆጥረን ነው፤ ቆሞ እንደማያውቅ ደግሞ ሁሉም ያውቃል።

ያን ጊዜ ምን ይደረጋል? ሠራተኛ ላልተቀጠረበት የሥራ ቦታ የተያዘ ደመወዝ ካለ ወደ ምግብ እንዲዛወር ይጠየቃል። ካልበቃ ተጨማሪ በጀት ይጠየቃል፤ እሱን ደግሞ የሚያጸድቀው ምክር ቤቱ ነው። እስከዚያው እህልና ማገዶ በዱቤ ይገባል፤ አቅራቢው በሚቀጥለው ዓመት ጨረታ ላይ ዋጋውን ከፍ አድርጎ ይመጣል፤ ይህ የዱቤ ዋጋ በማንም ሪፖርት ላይ ተለይቶ አይታይም። «ግቢው ውስጥ አዲስ ሕንፃ እየተሠራ እስረኛው ይራባል» ለሚለው መልሱ አጭር ነው፦ ሕንፃው የካፒታል በጀት፣ ማለትም ለግንባታና ለቋሚ ንብረት የተያዘ ነው፤ ምግቡ ግን መደበኛ በጀት፣ ማለትም የዕለት ተዕለት ሥራ ማስኬጃ ነው። በፌደራሉ የፋይናንስ አስተዳደር አዋጅ 648/2001 ከካፒታል ወደ መደበኛ በጀት ማዛወር ክልክል ነው፤ መሥሪያ ቤቶች የግንባታ ገንዘብን በውሎ አበል እንዳይጨርሱት የተቀመጠ አጥር ነው። ጥሩ አጥር ነው፤ ግንቦት ላይ ግን ያናድዳል።

ያ አስተያየት ሰጪ ከሁሉ በላይ የሚስተው የፍርድ ቤቱንና የማረሚያ ቤቱን በጀት ለየብቻ ማንበቡ ነው። ምስክር ሳይቀርብ ቀርቶ፣ ወይም ዳኛ ሳይሟላ ቀርቶ የ200 ተከሳሾች ጉዳይ በ30 ቀን ተቀጠረ እንበል። በዚያው ምሳሌ ተመን 300,000 ብር ከማረሚያ ቤቱ 6216 ወጣ። ፍርድ ቤቱ መጥሪያ ለማድረስና ለምስክር አበል የጠየቀው ከዚህ ያነሰ ሊሆን ይችላል፤ «ቁጠባ» ተብሎ ተቀንሶበታል። ቁጠባው በአንዱ ሠንጠረዥ፣ ኪሳራው በሌላው ስለሚጻፍ የበጀት ገምጋሚው ሁለቱን አያገናኝም። ለፍትሕ ተቋማት በጀት ሲሰማ ሁሉም በአንድ ቀን፣ በአንድ ጠረጴዛ ቢሰሙ ይሻላል የምለው ለዚህ ነው።

ደግሞ «ፍርድ ቤት ነጻ ነው፤ የራሱን በጀት ራሱ ይወስን» የሚል አለ። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 79 ንዑስ አንቀጽ 7 የክልል ፍርድ ቤቶችን በጀት የሚወስነው የክልሉ ምክር ቤት ነው። የክልሉ ጠቅላይና ከፍተኛ ፍርድ ቤቶች የፌደራል ጉዳዮችን በውክልና ሲያዩ ደግሞ የሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ማካካሻ በጀት ሊመድብ ይገባል ይላል፤ ስለዚህኛው ክፍል ሲከራከር የሰማሁት ሰው ጥቂት ነው። የዳኝነት ክፍያም ቢሆን መንግሥት ካዝና ይገባል እንጂ ሰብሳቢው ፍርድ ቤት ነዳጅ አይገዛበትም።

እንግዲህ የሐምሌውን ቁጥር ብቻ ይዞ ሌባ ከመፈለግ በፊት ሦስት ዓምዶች ይታዩ፦ የጸደቀው፣ ከዝውውርና ከተጨማሪ በጀት በኋላ የተስተካከለው፣ በተግባር የወጣው። በየሂሳብ መደቡ፣ በጥቅል አይደለም። ጥቅሉ 98 በመቶ ሥራ ላይ ውሏል የሚል ሪፖርት 6216ን ሚያዝያ ላይ ጨርሶ 6231ን ሰኔ መጨረሻ ላይ በሥልጠና ስም ያራገፈ መሥሪያ ቤት ሊሆን ይችላል።