አፓና ቫዩ ምንድን ነው?

አዩርቬዳ የህንድ ጥንታዊ ሕክምና ነው። ሰውነት ውስጥ ቫታ የሚባል «ንፋስ» አለ ይላል። ይህ ንፋስ አምስት ዓይነት ሲሆን ከእምብርት በታች ያለው አፓና ቫዩ ይባላል። ሥራው ወደ ታች መግፋት ነው። ሽንትና ሰገራ፣ የወር አበባ፣ ቀኑ ሲደርስም ልጁ በእሱ ግፊት ይወጣሉ ተብሎ ይታመናል። ቻራካ ሳምሂታ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፍ የማህፀን ሕመሞችን 20 አድርጎ ይቆጥራል። ቫታ ሳይዛባ ሴት በማህፀኗ አትታመምም ባይ ነው።

ዛሬ ብዙ የአዩርቬዳ ሐኪሞች ሆርሞን ያለበትን የእርግዝና መከላከያ የማይወዱት ከዚህ ተነስተው ነው። ደሙን የሚያወርደውን ንፋስ ያፍናል ይላሉ።

አንዲት ሴት ስትመጣ የአዩርቬዳ ሐኪሙ ሦስት ጣቶቹን አንጓዋ ላይ ያሳርፋል። በአመልካች ጣቱ ቫታን፣ በመሃል ጣቱ ፒታን (የሰውነትን «እሳት»)፣ በቀለበት ጣቱ ካፋን (የሰውነትን «እርጥበት») ያዳምጣል። ምላስሽን አውጪ ይላታል። ከዚያ ጥያቄው ይጀምራል። ደምሽ ስንት ቀን ይቆያል? ቀለሙስ? እንቅልፍሽ እንዴት ነው? ሆድሽ ይደርቃል? ይህን በጣም እወድለታለሁ። መከላከያ ስትወስድ ይህን ያህል ተጠይቃ የምታውቅ ሴት ስንት ናት?

መልሱ ላይ ግን አልስማማም። እኛም አገር የሦስት ወር መርፌ የምትወጋ ሴት የወር አበባዋ ሲቀር «ደሙ የት ሄደ? ውስጤ ተጠራቅሞ ይሆን?» ብላ ትጨነቃለች። አልተጠራቀመም። መርፌው የማህፀንን የውስጥ ሽፋን ስስ አድርጎ ስለሚያቆየው የሚፈስ ነገር የለም። የታፈነም የለም። ፒል ከሆነ ደግሞ ማሸጊያውን እዪው። ብዙ ጊዜ 28 ፍሬ ነው፤ 21ዱ ሆርሞን አላቸው፣ ቡናማዎቹ 7ቱ አይረን ብቻ ናቸው። በቡናማዎቹ ሳምንት የምታዪው ደም ሆርሞኑ ስለተቋረጠ የሚመጣ እንጂ የተለመደው የወር አበባ አይደለም።

አደጋ የለውም ማለቴ አይደለም፣ አለው። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን ያለበት ፒል ደም ሥር ውስጥ ደም እንዲረጋ ሊያደርግ ይችላል። ፒል ከማይወስዱና ካላረገዙ 10,000 ሴቶች በዓመት ከ1 እስከ 5 የሚሆኑት ይህ ይገጥማቸዋል። ፒል ከሚወስዱት ደግሞ ከ3 እስከ 9። በእርግዝና ጊዜ ግን ቁጥሩ ከ5 እስከ 20 ይደርሳል፤ ይህን የሚነግርሽ ጥቂት ሰው ነው። ከ35 ዓመት በላይ ሆነሽ ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ፣ ደም ግፊት ካለብሽ፣ ወይም ከማይግሬንሽ በፊት ዓይንሽ ላይ ብልጭታ የሚታይሽ ከሆነ ሳትጀምሪ ለባለሙያ ንገሪ። አንድ እግርሽ ብቻ አብጦ ካመመሽ፣ ወይም ደረትሽን ድንገት ወግቶሽ ትንፋሽ ካጠረሽ ግን ለነገ አትበዪ፣ ሐኪም ቤት ሂጂ።

የሚያስፈራኝ «አፓናሽ ተዘግቷል፣ ፒሉን ተዪና ሻታቫሪ ጠጪ» የሚለው ምክር ነው። ሻታቫሪ የሴቶች መድኃኒት ተብሎ የሚሸጥ ሥር ነው፤ እርግዝና ግን አይከላከልም። እ.ኤ.አ. በ2008 በወጣ ጥናት ደግሞ በኢንተርኔት ከተገዙ የአዩርቬዳ መድኃኒቶች አንድ አምስተኛው ገደማ እርሳስ፣ ሜርኩሪ ወይም አርሴኒክ ተገኝቶባቸዋል።

ሆርሞን አልስማማሽ ካለ ሌላ መንገድ አለ። ህንዶች ራሳቸው ሴንትክሮማን የሚባል፣ ኤስትሮጅንም ፕሮጀስቲንም የሌለበት እንክብል ሠርተዋል። የተሠራው ላክናው ከተማ ባለ የመድኃኒት ምርምር ተቋም ነው። መጀመሪያ ላይ ለሦስት ወር በሳምንት ሁለቴ፣ ከዚያ በሳምንት አንዴ ይዋጣል። እኛ ጋ ደግሞ የመዳብ ሉፕ አለ። ሆርሞን የለውም፣ 10 ዓመት ያገለግላል። የወር አበባ ሊያበዛና ሊያሳምም ስለሚችል ግን ከመግባቱ በፊት ደምሽ ስንት ቀን እንደሚቆይ ንገሪያቸው፣ ባይጠይቁሽም።