ሸር ዎል ምንድን ነው?

በአዲስ አበባ በአያት፣ በለቡ ወይም በቱሉ ዲምቱ አቅጣጫ ከሚታዩት ጅምር ሕንፃዎች በብዙዎቹ ውስጥ፣ ከሶሌታው (ከፎቁ የአርማታ ወለል) ቀድሞ የወጣና ፌሮው ከአናቱ ላይ የቆመ፣ መስኮት አልባ የአርማታ ሳጥን አለ። መንገደኛው የሊፍት ቤት ነው ብሎ ያልፈዋል፤ ሊፍቱ በውስጡ ስለሚመላለስ አልተሳሳተም። ይሁንና ለሊፍቱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በኮሎኖች መካከል የተገነባ ብሎኬትም ይበቃ ነበር። ግድግዳዎቹ ከመሠረት እስከ ላይ ሳይቋረጡ በአርማታ የሚሠሩት፣ ነፋስ ወይም የመሬት መንቀጥቀጥ ሕንፃውን ወደ ጎን ሲገፋው እንዲይዙት ነው፤ ሸር ዎል የሚባሉትም እነዚሁ ናቸው።

ለረጅም ሕንፃ ከባዱ ጥያቄ ክብደቱን መሸከም አይደለም። ፎቅ በተጨመረ ቁጥር ኮሎኑ ላይ የሚያርፈው ጭነት በዚያው ልክ ያድጋል፤ መሐንዲሱም ኮሎኑን ያወፍራል። የጎን ግፊት ግን እንዲህ በልክ አይሄድም። ነፋሱ ከታች እስከ ላይ እኩል ይገፋል ብንል እንኳ፣ የሕንፃው ስፋት ሳይለወጥ ቁመቱ እጥፍ ሲሆን ሊገለብጠው የሚታገለው ኃይል አራት እጥፍ፣ አናቱ ወደ ጎን የሚሸሸው ርቀት ደግሞ አሥራ ስድስት እጥፍ ይሆናል። ኮሎንና ቢም ብቻቸውን ይህን አይችሉትም። ተጋድሞ ሲረገጥ የሚጎብጥ ጣውላ በጠርዙ ሲቆም እንደማይበገር ሁሉ፣ የአርማታ ግድግዳም በርዝመቱ አቅጣጫ ሲገፋ እጅግ ጠንካራ ነው፤ በሌላው አቅጣጫ ግን ደካማ ስለሆነ ግድግዳዎቹ ተጋጥመው ሳጥን እንዲሠሩ ይደረጋል።

ካሳፎርማው፣ ማለትም ኮንክሪቱ የሚሞላበት ቅርጽ ማውጫ፣ ከመታሸጉ በፊት ወደ ግድግዳው ጠጋ ብሎ ያየ ሰው፣ መሐሉ ላይ ሳሳ ያለ ሁለት ረድፍ የፌሮ መረብ፣ ጫፎቹ ላይ ግን ወፋፍራም ፌሮዎች ተጠጋግተው በጥቅጥቅ ስታፋ (ፌሮዎቹን ዙሪያቸውን በሚያቅፍ የብረት ቀለበት) ታስረው ያገኛል። ሕንፃው ሲገፋ አንደኛው ጫፍ ይወጠራል፣ ሌላኛው ይጨመቃል፤ ውጥረቱን የሚችለው ብረቱ ሲሆን፣ ስታፋው ደግሞ የተጨመቀው ኮንክሪት ወደ ውጭ እንዳይፈነዳ ያቅፈዋል። እንግዲህ የቧንቧ መስመር ተረስቶ ሲገኝ ይህንኑ ጫፍ በመሮ መፈልፈል፣ ኮሎን ከመቁረጥ የማይተናነስ ጥፋት ነው።

ቦታውም ወሳኝ ነው። የሱቁ ፊት በመስታወት እንዲከፈት ሲባል ደረጃውና ሊፍቱ በአንድ የኋላ ማዕዘን ከተከማቹና ሌላ ማካካሻ ግድግዳ ከሌለ፣ ሕንፃው በመንቀጥቀጥ ጊዜ በዚያ ማዕዘን ዙሪያ ይጠማዘዛል፤ በስምጥ ሸለቆ ዳር ለተቀመጠችውና በ2017 ዓ.ም. የአዋሽ ፈንታሌው መንቀጥቀጥ ለተሰማት አዲስ አበባ ይህ የመጽሐፍ ላይ ስጋት ብቻ አይደለም።

ቁመቱ እየጨመረ ሲሄድ አንድ ሳጥን ከቁመቱ አንጻር ቀጭን እየሆነ ይመጣል፤ እጅግ ረጃጅሞቹ ሕንፃዎች የሚለያዩት ይህን ችግር በሚፈቱበት መንገድ ነው። በ2010 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የዱባዩ ቡርጅ ከሊፋ ቁመቱ 828 ሜትር ሲሆን፣ ይህም 209 ሜትር ከሆነው የአዲስ አበባው የንግድ ባንክ ሕንፃ አራት እጥፍ ገደማ ነው። መዋቅሩን የነደፈው መሐንዲስ ቢል ቤከር፣ ባለ ስድስት ጎን የአርማታ ሳጥን፣ ማለትም እምብርት፣ መሐል ላይ አቁሞ በሦስት ክንፎች ደገፈው፤ በየክንፉ ያሉት የኮሪደር ግድግዳዎችም ሸር ዎል ሆነው ነፋሱ ከየትም ቢመጣ እምብርቱን ይይዙታል። እምብርቱ በአንጻሩ ክንፎቹ እንዳይጠማዘዙ ያደርጋል። ክንፎቹ ወደ ላይ በየተራ እያጠሩ መሄዳቸውም ለውበት ብቻ አይደለም፤ ቅርጹ በየከፍታው ስለሚለዋወጥ ነፋሱ ሕንፃውን በአንድ ምት እየደጋገመ ሊወዘውዘው አይችልም።

ሥራው የተመራው እንደኛው ሰፈር ሕንፃዎች እምብርቱን በማስቀደም ነበር፤ ልዩነቱ ካሳፎርማው ፈርሶ እንደገና የሚገጠም ሳይሆን በሃይድሮሊክ ኃይል ራሱን ወደ ላይ የሚያነሣ መሆኑ ነው። ኮንክሪቱ በፓምፕ ከ600 ሜትር በላይ የተገፋ ሲሆን፣ በበጋው ሙቀት ያለጊዜው እንዳይጠጥር በረዶ እየተጨመረበት በሌሊት ይሞላ ነበር። ግንቡ በነፋስና በፀሐይ ሙቀት ስለሚንቀሳቀስ፣ የግድግዳው ቀጥ ማለት በቱምቢ ሳይሆን በሳተላይት መለኪያ እየታረመ ወጥቷል።